ሚኒያፖሊስን ያሳደጋት ዱቄት

ባለፉት ዓመታት ከዚህ ካምፕ ወደ ሚኒያፖሊስ የሄዱ ወገኖቻችን ሲደውሉ የሚያወሩልን ስለ ብርዱ ነው። ከተማዋ በምን ተነሥታ እዚህ ደረሰች ስንላቸው ግን «ኧረ እሱን እንኳ አላጣራንም» ይላሉ። እኛው አገላብጠን ያገኘነውን ይዘን ቀርበናል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ የተቆረቆረችው ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ባለ ፏፏቴ ዳር ነው። የውሃው ጉልበት መጀመሪያ እንጨት መሰንጠቂያ፣ ኋላም የስንዴ ወፍጮ አዞረ። ቻርለስ ፒልስበሪ በ1869 ከአንድ ወፍጮ ቤት ድርሻ ገዙ። ጄኔራል ካድዋላደር ዋሽበርን ደግሞ በ1874 ባለ ሰባት ፎቅ ወፍጮ አቆሙ። ሰባት ፎቅ ሙሉ ወፍጮ!

ሜይ 2 ቀን 1878 ምሽት ላይ ይኼ ሕንፃ ፈነዳ። የቀን ሠራተኞች ወጥተው የሌሊቶቹ ገና መግባታቸው ነበር። ውስጥ የነበሩት 14ቱም ሞቱ፤ በአጎራባች ወፍጮዎች ደግሞ 4 ሰዎች። ባሩድ አልነበረም፣ የፈነዳው ዱቄት ነው። ያለ እህል የዞሩ የወፍጮ ድንጋዮች ተፋጭተው እሳት ጫሩ፣ አየር ላይ የተንሳፈፈው ብናኝ ተቀጣጠለ። እኛ ወፍጮ ቤት ስንገባ ቅንድባችንን የሚያነጣው ያው ብናኝ ነው። እዚያ ቆሞ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ካለ ይኼን አንብቡለት።

ከአደጋው በኋላ ዊልያም ዴ ላ ባር የሚባሉ የቪየና ተወላጅ ስደተኛ መሐንዲስ ብናኝ የሚስብ መሣሪያ ሊሸጡ መጡ። ዋሽበርን መሣሪያውንም ሰውየውንም ወሰዱ። አዲሱ ወፍጮ በ1880 ሥራ ጀመረ፤ ድንጋዩም ቀስ በቀስ በብረት ሮለር ተተካ። ፒልስበሪም በ1881 በወንዙ ማዶ በዘመኑ ከዓለም ትልቁን ወፍጮ ከፈቱ። እስከ 1930 ገደማ ድረስ ሚኒያፖሊስ በዱቄት ዓለምን መራች። የዋሽበርን ወፍጮ በ1965 ተዘጋ፣ በ1991 ተቃጠለ፣ ከ2003 ጀምሮ ፍርስራሹ ሙዚየም ነው። የፒልስበሪው የአርቲስቶች መኖሪያ ሆኗል።

ይኼን ብቻ ጽፈን ማቆም ግን ከበደን። ፏፏቴው የዳኮታ ሕዝብ ነበር። ከ1862ቱ ጦርነት በኋላ 1,600 ያህል ዳኮታዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ ፎርት ስኔሊንግ ከተባለው ምሽግ ሥር ባለ የታጠረ ካምፕ ክረምቱን እንዲያሳልፉ ተደረገ። ብዙዎቹ በበሽታ አለቁ፤ የቀሩት በ1863 ከሚኒሶታ ተባረሩ። ትልልቆቹ ወፍጮዎች የተሠሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ወገኖቻችን ያረፉበት የአውሮፕላን ማረፊያ ከምሽጉ አጠገብ ነው። እዚያ ያላችሁ ቦታውን ካያችሁት ጻፉልን፣ እናወጣዋለን።