በሬውን የጠመደው ማነው?

በደቡብ አፍሪካ በገንዘብ የተቀጠረ ነፍሰ ገዳይ በዙሉ ቋንቋ «ኢንካቢ» ይባላል፤ በሬ ማለት ነው። በሚኒባስ ታክሲ ባለንብረቶች የመስመር ሽኩቻ የገነነው ይህ ሥራ፣ በጆሃንስበርግ ጄፒና «ሎኬሽን» በሚሏቸው መንደሮች ሱቅ የከፈቱ ወገኖቻችንንም ያሰጋል።

ለመሆኑ ሣንቲም ሳይነካ ባለሱቁን ብቻ ገድሎ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ዘራፊ ነው? እንዲህ ያለውን ግድያ «ዝርፊያ» ብሎ መመዝገብ ለእኔ አይዋጥልኝም። ሁሉንም በግንቦት 2000 ዓ.ም. 62 ሰዎች ባለቁበት የመጤ ጠልነት ማኅደር መክተትም (እኛ የምንወደው ማብራሪያ ነው) ከፋዩን ይደብቃል። ከፋዩ የ«ጥበቃ» ገንዘብ ጠያቂ፣ የንግድ ተፎካካሪ፣ ምናልባትም የገዛ ወገን ሊሆን ይችላል። ተኳሽ በተያዘ ቁጥር ስልኩ ይመርመር፣ የተቀበለው ገንዘብ ምንጭ ይጣራ፤ በክሱም ላይ የከፋዩ ስም ይስፈር።