የ40 በመቶ ቅናሹ ለማን ነው? ከማርቆስ ሆኖ የአዲስ አበባን ትልቅ ሆቴል በስልክ መያዝ

ለቪዛ ቀጠሮ፣ ለሥራ ፈተና፣ ለሕክምና ወይም ለሠርግ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ድሮ ሁለት ምርጫ ነበረው። ወይ ዘመድ ቤት ያርፋል፣ ወይ መናኸሪያ አካባቢ ቤርጎ ይይዛል። አሁን ሦስተኛ ምርጫ ስልካችን ላይ መጥቷል። መሀል ከተማ ያለ ባለ ኮከብ ሆቴል፣ መዋኛው ሰማያዊ፣ አንሶላው ነጭ፣ ዋጋው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበት ከጎኑ "40 በመቶ ቅናሽ፣ 1 ክፍል ብቻ ቀርቷል" ይላል።

ጣት ወደ ስክሪኑ ትሄዳለች። እስቲ ከመንካታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ይሄ ቅናሽ የተሰራው እንደኛ ላለ ሰው ነው?

ቅናሹ ከየት ይመጣል?

ሆቴል የሚሸጠው ሌሊት ነው። የጎጃም ገበሬ ጤፉን ቅዳሜ ገበያ አውጥቶ ዋጋው ካልጣመው ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ያቆየዋል። የሆቴል ሌሊት ግን ጎተራ የለውም። ዛሬ ማታ ባዶ ያደረ አልጋ ነገ ሁለት ጊዜ አይሸጥም። የሠራተኛው ደሞዝ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ የባንኩ ወለድ እንግዳ መጣም አልመጣም ይከፈላል። ስለዚህ 100 ዶላር ያለውን ክፍል በ60 መስጠት ለሆቴሉ ቸርነት አይደለም፣ ከዜሮ ይሻላል ብሎ ነው።

ይሄን ስሌት ወደ ስልካችን ያመጡት ድረ ገጾቹ ናቸው። ቡኪንግ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ1996 ኔዘርላንድስ ውስጥ ተመሠረተ። ኤክስፒዲያም በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ውስጥ ነው የተወለደው። ሥራቸው በእኛ ቋንቋ ድለላ ነው። እንግዳውን ከሆቴሉ ያገናኛሉ፣ ኮሚሽን ይወስዳሉ። ኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ አካባቢ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚሄድበትም አለ። የደላላው ድርሻ ለእኛ አይታየንም እንጂ ዋጋው ውስጥ ተቀምጧል። ይህችን ነገር ያዟት፣ ወደ መጨረሻው እንመለስባታለን።

አዲስ አበባ ደግሞ የስብሰባ ከተማ ናት። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በሚካሄድበት ሰሞን ትልልቆቹ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ ቅናሽ የሚባል ነገር ይጠፋል። እንግዳው ሲበተን ቅናሹ ይመለሳል። ያው ክፍል፣ ያው አልጋ ነው። የተለወጠው ሌላ ፈላጊ መኖር አለመኖሩ ነው።

"1 ክፍል ብቻ ቀርቷል"

ይሄን ጽሑፍ ሲያዩ ልብ የሚመታባችሁ እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ለዚያው ነው የተጻፈው።

የእንግሊዝ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 ቡኪንግ፣ ኤክስፒዲያና አጎዳን ጨምሮ ስድስት ድረ ገጾች ደንበኛን በጥድፊያ ከሚገፋ ማስታወቂያና ከተደበቀ ክፍያ እንዲታቀቡ ቃል አስገብቷል። አውስትራሊያ ውስጥ ትሪቫጎ እ.ኤ.አ. በ2022 በፍርድ ቤት 44.7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጥቷል። ጥፋቱ ዋነኛ አድርጎ የሚያሳየው ዋጋ ብዙ ጊዜ ርካሹ አልነበረም፣ የተሻለ የከፈለው ድረ ገጽ ግን ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። አሜሪካም ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሆቴል ዋጋ ሲተዋወቅ የግዴታ ክፍያዎችን ሁሉ ደምሮ እንዲታይ የሚያዝ ደንብ ሥራ ላይ አውላለች።

እኛ አገርስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ፣ በአሳሳች ማስታወቂያ እንዳይሸጥ ያዘዘ ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ወጥቷል። ሕግ የለም አይባልም። ግን ሻጩ ድረ ገጽ ውጭ አገር ተቀምጦ፣ ገዢው ማርቆስ ላይ ሆኖ፣ ሆቴሉ ቦሌ ሲሆን ክርክሩን የት ጀምሮ የት መጨረስ ይቻላል? አቤቱታ ይዞ መመላለሱ ራሱ ከአንድ ሌሊት አልጋ በላይ ያስወጣል።

60 ያላችሁት 75.90 ነው

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ የወሰድናቸው ናቸው፣ አሠራሩ ግን እውነት ነው።

ስክሪኑ ላይ 60 ዶላር አያችሁ እንበል። ብዙ የአዲስ አበባ ሆቴሎች ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ያስቀምጣሉ። የመጀመሪያው 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ነው። ሁለተኛው 15 በመቶ ቫት ነው። ቫቱ የሚሰላው ደግሞ ሰርቪስ ቻርጁ ከተጨመረ በኋላ ነው። 60 ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 66፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 75.90 ይሆናል። "ሀያ አምስት በመቶ ነው የሚጨመረው" ብሎ ያሰበ ሰውም ተሳስቷል፣ 26.5 በመቶ ነው።

አንዳንዱ ገጽ ይሄን ሁሉ ደምሮ ያሳያል፣ አንዳንዱ ከታች በትንሽ ጽሑፍ "ታክስ አልተካተተም" ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ቅናሹን ከማየታችሁ በፊት ያቺን ትንሽ ጽሑፍ እዩ።

ወደ ብር ስንለውጠው ነገሩ ይከብዳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ባንክ ላይ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ዋጋ 75.90 ዶላር 4,326 ብር ነው። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብሩ ወርዷል። ለስሌት እንዲመች አንድ ዶላር 140 ብር ብንይዝ፣ ያው ክፍል 10,626 ብር ሆነ ማለት ነው። ሆቴሉ አንድ ሳንቲም ዶላር አልጨመረም። እንዲያውም 40 በመቶ ቀንሷል። ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ እውነተኛ ቅናሽ ነው። ደሞዙን በብር ለሚቀበል የማርቆስ መምህር ግን ቅናሹን ምንዛሪው በልቶታል።

ካርዱ የት አለ?

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ኤምፔሳም ተከተለ። ዛሬ ቡና ጠጥቶ በስልክ መክፈል ማርቆስ ላይም አዲስ ነገር አይደለም። የውጭ ድረ ገጾቹ ግን የሚጠይቁት ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው፣ ያውም ከአገር ውጭ መክፈል የሚችል። ከተራ የብር ሒሳብ ጋር የተያያዘው የኤቲኤም ካርዳችን ለዚህ አይሆንም። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ያለው ሰው መንገድ ሊያገኝ ይችላል፣ አብዛኛው ወጣት ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ሰው ምን ያደርጋል? ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ካርድ ይለምናል። ወንድም ወይም አክስት ይከፍላሉ። ግን ሪሴፕሽን ላይ "የከፈሉበትን ካርድ ያሳዩ" ሲባል ካርዱ ዋሽንግተን፣ ሰውየው ቦሌ ይሆናል። ይሄ የሚፈታው ከመሄዳችሁ በፊት ሆቴሉ ጋ ደውላችሁ "ክፍያው በሌላ ሰው ካርድ ነው፣ የሚያድረው ግን እኔ ነኝ" ብላችሁ በጽሑፍ ካረጋገጡላችሁ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ "ሲደርሱ ይክፈሉ" የሚለውን ይመርጣል። ይሄ ለእኛ ከሁሉ የሚሻለው ነው። ችግሩ ትልቁ ቅናሽ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ የለም።

ሦስተኛ፣ ቴሌግራም ላይ "የሆቴል አልጋ በግማሽ ዋጋ" የሚል ሰው ያገኝና ብሩን በግለሰብ ስልክ ቁጥር ይልካል። ይሄን አታድርጉ። ሆቴሉ ራሱ ያልሰጣችሁ፣ በግለሰብ ስም የሚገባ ሒሳብ የሆቴል ሒሳብ አይደለም። ገንዘቡ ከሄደ በኋላ የሚደወልለት ስልክም አይነሳም።

የማይመለስ ገንዘብ፣ የሚዘጋ መንገድ

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው።

ትልቁ ቅናሽ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቃል ጋር ይመጣል፦ "የማይመለስ"። ሆቴሉ የሚላችሁ እንዲህ ነው፦ "በእርግጠኝነት እንደምትመጣ ቃል ግባልኝ፣ እኔ እቀንስልሃለሁ። ካልመጣህ ግን ብሩ የኔ ነው።" ማለትም ቅናሹን የምንገዛው በእርግጠኝነት ነው።

እርግጠኝነት ደግሞ ዛሬ ጎጃም ውስጥ ከዶላርም የከበደ ነገር ሆኗል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያለውን እናንተው ኖራችሁታል። አዋጁ ጊዜው አልቋል፣ ግጭቱ ግን አላለቀም። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደህናው ጊዜ በጠዋት ተነስቶ፣ ደጀን ላይ ሻይ ጠጥቶ፣ አባይ በረሃን አቋርጦ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ መግባት የተለመደ ነበር። አሁን ማታ ትኬት የቆረጠ ሰው ጠዋት "መኪና የለም፣ መንገድ ተዘግቷል" ሊባል ይችላል። ለስንት ቀን እንደሆነ የሚነግረው የለም።

ለንደን ወይም ናይሮቢ ላለ መንገደኛ "የማይመለስ" ማለት ትንሽ ስጋት ነው። የታመመ እንደሆነ፣ አውሮፕላን ያመለጠው እንደሆነ ነው። ለእኛ ግን ቁማር ነው። እስቲ እናስላው። የማይመለሰው 6,000 ብር፣ የሚመለሰው 8,000 ብር ቢሆን ቅናሹ 2,000 ብር ነው። ከአራት ጉዞ አንዱ ከተሰናከለ ርካሹን የያዘው ሰው በአራት ጉዞ 24,000 ብር ይከፍላል፣ ያደረው ግን ሦስት ሌሊት ነው። የሚመለሰውን የያዘውም ሦስት ሌሊት አድሮ 24,000 ብር ይከፍላል። እኩል ሆኑ! ከአራት አንድ ጊዜ በላይ የሚሰናከል ከሆነ "ርካሹ" ውዱ ሆነ ማለት ነው።

ይሄን ሂሳብ ድረ ገጹ አያውቀውም። መንገዱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የማርቆስ ሆቴሎችስ?

ነገሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። ደብረ ማርቆስ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መንገድ መሀል የተቀመጠች ከተማ ናት። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት አለ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ጮቄ ተራራ ቅርብ ነው። ሆቴሎቿ የኖሩት በመንገደኛ፣ በምረቃ እንግዳ፣ በስልጠናና በስብሰባ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ይሄ ሁሉ አብሮ ይቀራል።

"ታዲያ ለምን እነሱም በድረ ገጽ ቅናሽ አያወጡም?" የሚል ይኖራል። ቅናሽ የሚሠራው ለመምጣት ለሚያመነታ ሰው ነው። መምጣት ለማይችል ሰው አልጋ በነጻ ቢባልም አይመጣም። በዚያ ላይ ድረ ገጽ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ አንድ ሆቴል አልጋ መያዙን የሚያሳየውን መልእክት እንዴት ያያል? አልጋው ሞልቶ ድረ ገጹ "ክፍት ነው" ሲል ይውላል፣ ወይም ደግሞ የተላከው እንግዳ መጥቶ "አልሰማንም" ይባላል። ከዚያ መጥፎ አስተያየት ይጻፋል፣ ያቺ አስተያየት ለዓመታት ትቀመጣለች።

ስለዚህ እዚህ ከተማ አልጋ የሚያዘው አሁንም በስልክ ነው። "አልጋ አለ?" "አለ፣ ስንት ሰዓት ትገባለህ?" በቃ። ኋላ ቀርነት ይመስላል፣ ግን መንገዱ ሲዘጋ ደውሎ "ለነገ አዙርልኝ" ማለት የሚቻልበት አሠራር ይሄው ነው። የስልኩ ቃል ይታጠፋል፣ የድረ ገጹ "የማይመለስ" አይታጠፍም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

1. ድረ ገጹን ለዋጋ ማያ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ወደ ሆቴሉ ደውሉ። ያ የደላላ ኮሚሽን ትዝ አላችሁ? ሆቴሉ በቀጥታ ለእናንተ ቢሸጥ ለድረ ገጹ የሚከፍለው ይቀርለታል። ስለዚህ "ገጹ ላይ ይሄን ያህል ይላል፣ በቀጥታ ብመጣ ስንት ታደርጉልኛላችሁ?" ማለት ልመና አይደለም፣ ድርድር ነው። ድረ ገጾቹ ለዓመታት ሆቴሎች በራሳቸው ገጽ ከእነሱ በታች እንዳይሸጡ በውል ያስሩ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ቡኪንግ ይሄን ውል የተወው እ.ኤ.አ. በ2024 ሕግ አስገድዶት ነው። እንዲህ አጥብቀው መከልከላቸው በራሱ በቀጥታ መደወል ዋጋ እንዳለው ይነግረናል።

2. "ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው?" በሉ። ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ገብቶ፣ በብር፣ ለአገር ውስጥ ነዋሪ። መልሱን በጽሑፍ መልእክት አስልኩ።

3. ኮከቡን አትመኑ። ድረ ገጹ ላይ ያለው ኮከብ ብዙ ጊዜ ሆቴሉ ራሱ የሞላው ነው። አገራችን ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ድጋፍ ሆቴሎችን መዝና ደረጃ ሰጥታለች፣ ሁለቱ ላይገጣጠሙ ይችላሉ። የቅርብ ጊዜ አስተያየቶችን አንብቡ።

4. ከማርቆስ የምትነሱ ከሆነ "የማይመለስ" የሚለውን እለፉት። ነጻ ስረዛ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ አይታችሁ ያዙ።

5. የስብሰባ ሰሞን መሆኑን አጣሩ። በዚያ ሳምንት "ቅናሽ" የተባለው ከተሰቀለ ዋጋ ላይ የተቀነሰ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን ጥሩ ሆቴል ማደር ነውር አይደለም። ለፍቶ ያገኘ ወጣት ነጭ አንሶላ ላይ ቢተኛ ማን ይከፋዋል? የምንለው ሌላ ነው። ቅናሹ የተሰራው ዶላር ለያዘ፣ ካርድ ላለው፣ ነገ ጠዋት መንገዱ ክፍት እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሥራና በጊዜ ሊመጡ ይችላሉ። ሦስተኛው ግን በግል ጥረት አይገዛም። እሱ ሰላም ነው፣ በየትኛውም ድረ ገጽ ላይ በቅናሽ አልወጣም።

እስከዚያው ቀይ መስመሯን አይታችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ደውሉ።