የቤተሰብ ጤና፦ መርፌው ለማን? ክኒኑስ ለማን?



በአንድ ቤት ውስጥ አያት ለስኳር በሽታቸው ክኒን ይውጣሉ፤ የልጅ ልጃቸው ግን በየቀኑ መርፌ ይወጋል። «በሽታው አንድ ከሆነ ልጁስ ለምን በክኒን አይታከምም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በጊዜ ካልተመለሰ ሕይወት የሚያስከፍል ጥያቄ ነው።

ኢንሱሊን ቆሽት የሚያመነጨው፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሕዋሳት እንዲገባ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል ኢንሱሊን አመንጪዎቹን ሕዋሳት በስህተት ያጠፋቸዋል። ብዙውን ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል። የውኃ ጥም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣትና መክሳት ምልክቶቹ ናቸው። እዚህ ላይ ክኒን ኢንሱሊንን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ1922 በካናዳ ቶሮንቶ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን እስኪሰጥ ድረስ፣ ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙም አይቆይም ነበር።

በሁለተኛው ዓይነት ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ሰውነት ግን በአግባቡ አይጠቀምበትም። ሕክምናው በአመጋገብ፣ በእንቅስቃሴና በክኒን ይጀመራል። ቆሽት እያደር ሲደክም ሐኪም ኢንሱሊን ሊያዝ ይችላል፤ ይህ «አለቀልኝ» የሚያሰኝ አይደለም። ኢንሱሊን ሱስ አያሲዝም።

ኢንሱሊን የማይዋጠው ፕሮቲን ስለሆነና ሆድ ውስጥ ስለሚፈጭ ነው። «ከአሳማ ነው» ብለው ለሚሰጉ ደግሞ፣ ዛሬ በአብዛኛው የሚመረተው በባክቴሪያና በእርሾ አማካይነት ነው።

መድኃኒቱን ፀሐይ አያግኘው፤ በረዶም አይሁን። ፍሪጅ በሌለበት ቤት በውኃ የራሰ የሸክላ ዕቃ ውስጥ በጥላ ማኖር ይረዳል። ሕመምተኛው ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ግራ ከተጋባ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላልና ወዲያውኑ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት ነው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱት።

ረመዳን ሲቃረብስ? ለመጾም ብሎ ኢንሱሊን ማቋረጥ በተለይ ለአንደኛው ዓይነት ሕመምተኛ እጅግ አደገኛ ነው። ከወሩ በፊት ሐኪም ያማክሩ። የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን ወዲያው መግደፍ ያስፈልጋል። ሸሪዓችን ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ በፈቃዱ መጠቀም የኢማን ድክመት አይደለም።

አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሽፋውን ይስጥልን።