«ተንቀሳቀሱ!» ማለት ቀላል ነው፤ የት?

እሁድ ጠዋት ስልኩን የከፈተ ሰው ያየዋል፤ መንገድ ተዘግቶ፣ ሙዚቃ ተለቆ፣ ወጣቱ በጅምላ ሲዘል። «መንገድ ለሰው» ኅዳር 2011 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ መኪና ገለል ብሎ ሰው እንደልቡ እንዲንቀሳቀስ ነበር። ደስ ይላል። ግን እዛ መሀል የማናያቸው አሉ፦ ከባድ ሰውነት ኖሯቸው ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ በክራንች ወይም በዊልቸር የሚሄዱ።

ለእነሱ የሚሰጠው ምክር ሁሌም ያው ነው፦ «ሩጥ፣ ትቀንሳለህ»። በምን ጉልበቱ? ሲያመው ይቀመጣል፣ ሲቀመጥ ጡንቻው ይደክማል፣ ኪሎው ይጨምራል፣ ከዛ ሕመሙ ይብሳል። የጉልበት አርትራይተስ ባለባቸው ወፍራም ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው 1 ኪሎ ሲቀነስ በየእርምጃው ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ትንሽ ለውጥም ዋጋ አለው ማለት ነው፤ መጀመሪያው ግን ሩጫ መሆን የለበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ አካል ጉዳተኞችንም ለይቶ ያካትታል። ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ «ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ» የሚለውን የድሮ መስፈርትም ትቶታል። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግር ማንሳት፣ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በሁለት እጅ ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ግድግዳ መግፋት፤ ሁሉም ይቆጠራል። 3 ደቂቃም ቢሆን።

ቦታውስ? የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዛል። ሊፍት የሌለው ሕንፃ ላይ 3ኛ ፎቅ የተከፈተ ጂም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፊ የእግረኛ መንገዶች ጥሩ ናቸው፤ ችግሩ ከቤት ደጃፍ እዛ እስኪደረስ ያለው ኮብልስቶንና ክፍት ቦይ ነው።

ሌላው እንቅፋት እኛው ነን፣ ማለትም ስልክ የያዝነው። ጂም የገባ ወፍራም ሰው ተደብቆ ይቀረጻል፣ ኮሜንቱ ሳቅ ብቻ ይሆናል። (ቤት ውስጥ ደግሞ ያንኑ ሰው «ተመችቶሃል» እንለዋለን!) የተሰደበ ሰው በማግስቱ አይመጣም፤ ቤቱ ይቀመጣል።

የእሁድ ስፖርት አዘጋጆች ዘንድ ብንደመጥ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ዳር ላይ 20 የፕላስቲክ ወንበር፣ ተቀምጦ የሚያሠራ አንድ አሠልጣኝ። ቤታችሁ ጉልበቷን የሚያማት እናት ወይም አክስት ካለች ደግሞ ዛሬ አብራችኋት ወንበር ላይ ጀምሩ። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ካለባት ሐኪሟን ቀድማ ታማክር፤ መሀል ላይ ደረቷን ካመማት ወይም ካዞራት ወዲያው ታቁምና ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት።