ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት

በብዙ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በስትሮክ የተመታን ሰው የሚያጎርሰው አስታማሚው ነው። አጥሚቱ በፔርሙስ ይመጣል፤ ፍትፍቱ ይቀርባል፤ ኪኒኑም በውኃ ይሰጣል። ሕመምተኛው ካልበላ አቅም ያጣል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰውየው ያለ አደጋ መዋጥ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ይህ ሳይታወቅ የሚሰጥ ጉርሻ፣ በፍቅር ቢሰጥም፣ ሊጎዳ ይችላል።

መዋጥ ቀላል ቢመስልም አንጎል በርካታ ጡንቻዎችን በቅደም ተከተል የሚያዝበት ረቂቅ ሥራ ነው። ምግብ በጉሮሮ በሚያልፍበት ቅጽበት ትንፋሽ ለአፍታ ይቆማል፤ የአየር ቧንቧም ይከደናል። ስትሮክ ወይም የጭንቅላት ጉዳት ይህን ቅንብር ሲያውክ ምግቡና ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሊገባ፣ የሳንባ ምችም ሊያስከትል ይችላል። የጥናቶች አኃዝ እንደ ምርመራው ዘዴ ቢለያይም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከስትሮክ ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉ የመዋጥ ችግር ይታይባቸዋል። በአንዳንዶቹ የጉሮሮ ስሜት ስለሚደነዝዝ ትንታም ሆነ ሳል አይከተልም። ስለዚህ «አላሳለውም» ማለት «በደኅና ዋጠ» ማለት አይደለም።

ከዚህ በመነሣት የስትሮክ ሕመምተኞችን የሚያስተኛ ማንኛውም ሆስፒታል አንድ ቁርጥ ያለ ደንብ ሊኖረው ይገባል፤ የመዋጥ ፍተሻ ሳይደረግ ምግብ፣ ውኃም ሆነ ኪኒን በአፍ አይሰጥ። ለመጀመሪያው ፍተሻ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሠለጠነች ነርስ ሕመምተኛው ንቁ መሆኑንና ቀና ብሎ መቀመጥ መቻሉን ታረጋግጣለች፤ ከዚያም ጥቂት ውኃ በመጠኑ እየሰጠች ሳልን፣ የድምፅ መርጠብንና የትንፋሽ ለውጥን ትከታተላለች። ፍተሻውን ያላለፈ ሰው ጥልቅ ምርመራ እስኪደረግለት ድረስ ምግብና መድኃኒት በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ፣ ሊሰጠው ይችላል።

ነርሶች የሚመሩት እንዲህ ያለ ሥራ ፍሬ ማፍራቱን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አሳይቷል። በኒው ሳውዝ ዌልስ በሚገኙ 19 የስትሮክ ክፍሎች በተካሄደው በዚህ ጥናት፣ የተወሰኑት ክፍሎች ትኩሳትን፣ የደም ስኳርንና መዋጥን በወጥ መመሪያ ተቆጣጠሩ። ከ90 ቀናት በኋላ ለሞት ወይም ለጥገኝነት የተዳረጉት ሕመምተኞች በእነዚህ ክፍሎች 42 በመቶ ሲሆኑ በሌሎቹ 58 በመቶ ነበሩ። ሦስቱ ተግባራት በአንድነት ስለተፈጸሙ ውጤቱን ለመዋጥ ፍተሻ ብቻ መስጠት አይቻልም። ሆኖም የነርሶች ሥርዓት ያለው ክትትል የሕመምተኛን ዕጣ እንደሚለውጥ በቂ ምስክር ነው።

ደንቡ በነርሷ መዝገብ ላይ ብቻ ከቀረ ግን ከንቱ ነው፤ የሚያጎርሰው አስታማሚው ነውና። ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ማስጠንቀቂያውም ከአልጋው በላይ ሊጻፍለት ይገባል። ፍተሻው ካለፈ በኋላም ሕመምተኛውን ቀና አድርጎ ማስቀመጥን፣ በትንሽ በትንሹ ማጉረስን፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛውን አለመጨመርንና የአፍን ንጽሕና መጠበቅን ሊማር ይገባል።

ጉዳዩን ይበልጥ የሚያከብደው አፌዥያ ነው። ሐሳብ እያለ ቃል የሚጠፋበት፣ ወይም የሰሙትን መረዳት የሚያዳግትበት ይህ የቋንቋ መታወክ ከስትሮክ ሕመምተኞች ሲሶ ያህሉን ያጠቃል። እንዲህ ያለው ሰው «አነቀኝ» ወይም «ይበቃኛል» ብሎ ራሱን መከላከል ላይችል ይችላል። አስታማሚው አጫጭር ጥያቄ መጠየቅን፣ መልስ በትዕግሥት መጠበቅንና በምልክት መግባባትን ቢለማመድ ለመዋጥም ለንግግርም ይረዳል።

ይህ ማለት ግን ቤተሰብ ባለሙያን ይተካል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና በ14 የህንድ ሆስፒታሎች 1,250 ሕመምተኞችን የተከታተለ ጥናት፣ ቤተሰብን አሠልጥኖ ተሐድሶውን በቤት እንዲመራ ማድረግ ከስድስት ወር በኋላ ሞትንና ጥገኝነትን እንዳልቀነሰ አረጋግጧል። በአንጻሩ 57 ሙከራዎችን ያጠቃለለው የ2016 እ.ኤ.አ. የኮክሬን ግምገማ፣ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና አፌዥያ ያለባቸውን ሰዎች የመግባባት ችሎታ እንደሚያሻሽል አመልክቷል። ስለዚህ የንግግርና የመዋጥ ተሐድሶ ባለሙያዎችን ማፍራት ሊዘገይ የማይገባው የዩኒቨርሲቲዎችና የጤና ተቋማት ግዴታ ነው።

ባለሙያ እስኪበቃ መጠበቅ ግን የመጀመሪያውን ፍተሻ ለማዘግየት ምክንያት ሊሆን አይችልም። የአንድ ገጽ ቅጽ፣ የነርሶች ሥልጠናና ለአስታማሚ የሚሰጥ የጥቂት ደቂቃ ማብራሪያ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል። ደንቡ ጉርሻን አይከለክልም፤ እስኪጣራ ድረስ ብቻ ያቆየዋል።