በግቢ ዛፍ ላይ ስለሚያርፉ ንቦች

የክረምቱ ዝናም አባርቶ አደይ አበባ በፈነዳ ጊዜ በቂርቆስና በካዛንቺስ የሚኖር ቤተ ሰብ ከጓሮው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚርመሰመስ የንብ መንጋ ድንገት ሊያይ ይችላል። ይህን ያየ ሰው ደንግጦ ችቦ ለመለኰስ ወይም የተባይ መድኃኒት ለመርጨት ይቸኩላል። ሁለቱም ግን ንቡንም ባለቤቱንም የሚጐዱ ስለ ሆኑ አስቀድሞ የንብን ጠባይ ማወቅ ይገባል።

ንቦች በበዙና ቀፎአቸው በጠበባቸው ጊዜ አሮጊቷ እናት ከልጆችዋ ከፊሉን አስከትላ ትወጣለች። ሕዝባችን ይህችን እናት በወንድ ስም «አውራ» ብሎ ይጠራታል፤ እርስዋ ግን ዕንቍላል የምትጥል ሴት ናት። መንጋው በቅርንጫፍ ላይ አርፎ ሳለ ሰላዮቹ ለመኖሪያ የሚሆን ባዶ ግንድ ወይም የግድግዳ ሽንቍር ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ የሚጠብቁት እጭና ማር የላቸውም፤ ለመንገዳቸውም ማር ጠጥተው የወጡ ናቸውና ካልነኳቸው ብዙውን ጊዜ አይናደፉም። ስለዚህ ልጆችን ወደ ቤት አስገብቶ፥ የታሰረ በግ ወይም ውሻ ቢኖር ፈትቶ፥ ራቅ ብሎ መታገሥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሰዓት እስከ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ራሳቸው ተነሥተው ይሄዳሉ።

በግንዱ ሽንቍር ገብተው የማር እንጀራ ከሠሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንግዲህ የሚጠብቁት ቤት አላቸው፤ የአገራችንም ንብ ለቤቱ ቍጡ ነው። አንዱ በነደፈ ጊዜ የሚወጣው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል። ቤት ከቤት ተጠጋግቶ በተሠራበት ሰፈር የተቈጣ መንጋ የሚያጠቃው የቀሰቀሰውን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከአጥር ማዶ ያለውን ምንም የማያውቅ ሕፃንና ሽማግሌም ነው።

መድኃኒት ተረጭቶ ንቡ ቢሞት እንኳ ማሩና ሰሙ በግንዱ ውስጥ ይቀራል። ሌሎች ንቦች የተመረዘውን ማር ዘርፈው ወደ ቀፎአቸው ይወስዱታል፤ የሰሙም ሽታ ሌላ መንጋ ይጠራል። እሳትም ዛፉን ያደርቃል፥ ወደ ጣራም ይዛመታል።

የሚሻለው ንብ አናቢ መጥራት ነው። እርሱም ፊቱንና እጁን ሸፍኖ ሲመሽ በጥቂቱ ያጨሳል፤ ንቦቹ ጢሱ ሲደርስባቸው ወደ ማሩ ይመለሳሉ፥ የሚጠራሩበትንም ሽታ ጢሱ ይሸፍነዋል። ከዚያ እጭ ያለበትን እንጀራ ቈርጦ ከእናቲቱ ጋር ወደ ቀፎ ያገባል፤ የቀሩትም ተከትለው ሲገቡ በሌሊት ዘግቶ ወደ ሩቅ ስፍራ ይወስዳቸዋል። ቅርብ ቢያኖራቸው ወደ ቀድሞው ዛፍ ይመለሳሉ። ባለቤቱም ሽንቍሩን በጭቃ ወይም በሳንቃ ይድፈነው።

በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ስሙን ያገኘው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ብዙው ክፍሉ ፈርሷል። በቀሩት ግቢዎች አሮጌ ዛፍ የሚያስቈርጥ ወይም ቤት የሚያፈርስ ሁሉ መጥረቢያው ሳይነሣ ንብ የሚመላለስበት ሽንቍር እንዳለ ይመልከት።

ንብ የነደፈው ሰው እጁን እያወናጨፈ አይቁም፤ ፊቱን ሸፍኖ ወደ ቤት ይሩጥ። መንደፊያውን ወዲያው በጥፍሩ ፍቆ ያውጣ፥ በቀዝቃዛ ውኃም ይጠበው። ትንፋሽ ቢያጥረው፥ ፊቱ ወይም ምላሱ ቢያብጥ፥ ራሱንም ቢስት፥ ወይም ብዙ ንብ ቢነድፈው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ ማር በማምረት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት፤ በሆለታም የንብ ምርምር ማዕከል አላት፤ ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃም አዋጅ ቍጥር 660/2002 ወጥቷል። ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት የሚለውን ትውፊት ለልጆቻችን የምንነግር ሰዎች፥ ንብ ወደ ግቢያችን በገባ ጊዜ እሳት ይዘን ብንወጣ ልጆቻችን ከአፋችን ይልቅ እጃችንን ያምናሉ። የአንድ ምሽት ትዕግሥትና የአንድ ንብ አናቢ ድካም ግን ቤተ ሰቡን ከአደጋ ያድናል፥ ንቡንም ለሌላ ግቢ በረከት ያደርገዋል።