ሳንጠይቀው የሸኘነው ወታደር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሰበክኩትን ስብከት መልሼ መሰብሰብ ብችል በወደድኩ ነበር። ሟቹ በሰሜኑ ጦርነት የወደቀ ወጣት ነው፤ የመዘምራን አባል የነበረ፣ እኔው ያጠመቅኩት ልጅ። አስከሬን አልመጣም። ጠረጴዛ ላይ የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሳው ፎቶግራፍ ብቻ ቆሟል። ዮሐንስ 15፥13ን ገልጬ ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን ስለሚሰጥ ሰው ፍቅር፣ ስለ አገር፣ ስለ መሥዋዕትነት ተናገርኩ። ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። ሲወጡ እጄን እየጨበጡ «ተባረክ ፓስተር» ያሉኝ ብዙ ናቸው።

እናቱ ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልሰናበታቸው ስገባ ቀና አሉና፣ «ፓስተር፣ የተናገሩት ሁሉ መልካም ነው። ልጄ ግን የሄደው ለዚህ ነው» ብለው ወደ ጣሪያው አመለከቱኝ። ቆርቆሮው ዝጎ ብርሃን ያስገባል፤ ጥግ ላይ የሚያፈሰውን ውኃ የሚቀበል ባልዲ ተቀምጧል። «ደመወዜ ሲጠራቀም ጣሪያውን አስቀይርልሻለሁ ብሎኝ ነበር።»

የምመልሰው አጣሁ። ከሁሉ ይልቅ የወጋኝ ልጁ ከመሄዱ በፊት ለጸሎት ወደ ቢሮዬ መጥቶ እንደነበር ማስታወሴ ነው። እጄን ጭኜ፣ በጎልያድ ፊት እንደ ቆመው እንደ ዳዊት እንዲሆን በታላቅ ድምፅ ጸለይኩለት። ለምን እንደሚሄድ ግን አልጠየቅኩትም። በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን ለአዲስ የድምፅ መሣሪያ መዋጮ ታሰባስብ ነበር።

ሰው ለምን ወታደር ይሆናል? በመድረክ ላይ መልሱ አንድ ነው፤ አገር ስለሚወድ። እውነትም አገር ወድደው የሄዱ አሉ፤ ጠላት በሩ ላይ ሲቆም ሚስትና ልጁን ከኋላው አድርጎ የሚቆምን ሰው የሚንቅ ካለ እርሱ ራሱ ሰላም ያገኘው በማን እንደሆነ አላሰበም። ነገር ግን በአገራችን ታሪክ ብቻ እንኳ ብናይ መንገዱ ብዙ ነው። በ1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ ተመርጠው ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ሙያቸው ውትድርና ነበር፤ ታዘዙ፣ ሄዱ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት ሁሉ ግዴታ ተጣለበት። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ «አፈሳ» የሚለውን ቃል የተማርኩት ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከእናቶች ሹክሹክታ ነው። በሰፈራችን ኮርኒስ ውስጥ ተኝተው የሚያድሩ ጎረምሶች ነበሩ። ከገበያ መንገድ የተወሰደ ልጅ የለበሰውን ሸሚዝ እንኳ ሳይቀይር ማሠልጠኛ ይገባ ነበር።

ዛሬስ? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከ100 ተማሪዎች አራት እንኳ አይሞሉም ነበር። የቀሩት ወዴት ይሂዱ? አንዳንዱ ወደ ዓረብ አገር፣ አንዳንዱ ወደ ባጃጅ፣ አንዳንዱ ወደ ምልመላ ጣቢያ። እዚያ ልብስ አለ፣ ምግብ አለ፣ ደመወዝ አለ፤ ደግሞም እስከ ትናንት «ሥራ ፈት» ሲባል የነበረ ልጅ ከበሮ ተመትቶለት ይሸኛል። ይህን የመጨረሻውን አቅልለን አንየው። አንድ ወጣት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ በስሙ የጠራው ሊዘምት በተነሣበት ቀን ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ግልጽ ነው። 1ኛ ሳሙኤል 22፥2ን አንብቡ። በዓዶላም ዋሻ ወደ ዳዊት የተሰበሰቡት እነማን ናቸው? የተጨነቁ፣ ዕዳ ያለባቸውና ልባቸው የተመረረ ሰዎች ናቸው። አራት መቶ ያህል ነበሩ። በኋላ «የዳዊት ኃያላን» ብለን የምንሰብክላቸው ብዙዎቹ እንግዲህ የመጡት ባለዕዳ ስለነበሩ ነው! ቃሉ ይህን አላፈረበትም። እኛ ግን የወታደሩን ዕዳ ከታሪኩ ላይ ፍቀን ሐውልት እናደርገዋለን።

ከዚህ የበለጠ ያስደነገጠኝ ግን ዘዳግም 20 ነው። ሠራዊቱ ወደ ጦርነት ከመግባቱ በፊት ሹማምንቱ በሕዝቡ ፊት ቆመው እንዲጠይቁ ታዝዘዋል። አዲስ ቤት ሠርቶ ያላስመረቀ አለን? ወይን ተክሎ ፍሬውን ያልበላ አለን? አጭቶ ያላገባ አለን? ወደ ቤቱ ይመለስ። ፈሪ ካለም ይመለስ። ይህን ምዕራፍ በኮሌጅ ሳለሁ ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ የጦርነት ሕግ ነው ብዬ አለፍኩት። አሁን ሳነበው የማየው እያንዳንዱ ሰው ጦር ከመያዙ በፊት ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ነው። እኛ የምንጠይቀው በድንኳን ውስጥ ነው፤ መልስ የሚሰጠን ሟቹ ሳይሆን እናቱ ናት።

ስለ መታሰቢያ ደግሞ እንነጋገር። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልት ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የወደቁትን ያስባል። መቀሌ የራሷ የሰማዕታት ሐውልት አላት፤ ባሕር ዳርም፣ አዳማም እንዲሁ። በየከተማው ድንጋይ አለን። በአንዱ ከተማ «ሰማዕት» የተባለውን የገደለው ግን በሌላው ከተማ ሐዘን የተቀመጡለት ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የተበተነውን ሠራዊት አስታውሳለሁ፤ መለዮውን እንደለበሰ በእግሩ አገሩን አቋርጦ፣ በየመንገዱ እንጀራ እየለመነ የሄደውን። ከእርሱ ጋር ተሰልፈው በየጋራው የወደቁት ጓደኞቹ ተሸናፊ ስለሆኑ ድንጋይም አልቆመላቸው። አገር የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ ያሸነፈውን ነው፤ እሱንም በስሙ ሳይሆን በጅምላ። በኮሪያ የወደቁት ወገኖቻችን ስም ከሌሎች አገሮች ወታደሮች ጋር በሴኡል የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ በየስማቸው ተቀርጿል። በባድመ ጦርነት የወደቁትን ልጆቻችንን እንዲህ በስማቸው ሄጄ የማነብበት ግድግዳ እኔ በአገሬ አላየሁም።

እዚህ ላይ እንደ እረኛ ልናገር የሚገባኝ ነገር አለ፤ የሚያስከፋው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። «ሰማዕት» በግእዝ ምስክር ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ቃሉን ስለ ክርስቶስ መስክረው ለተገደሉት ሰጠችው። ዛሬ በጦር ሜዳ ለወደቀ ሁሉ እንለዋለን፤ ቋንቋ ይሰፋልና በአደባባይ ቢባል ጠብ አልፈጥርም። በመድረካችን ላይ ግን የወታደር ሞት ኃጢአቱን ያጠበለት አስመስለን መናገር የለብንም። የሚያድን ሞት አንድ ነው፤ እርሱም ከኢየሩሳሌም ከተማ ውጭ በመስቀል ላይ ተፈጽሟል። እኔ የገለጥኩት ያ የዮሐንስ ክፍል የተነገረው ጌታ ሊያዝ ባለበት ሌሊት ነው። በዚያው ሌሊት ጴጥሮስ ሰይፍ ሲመዝዝ ወደ ሰገባው እንዲመልስ ታዘዘ። ጌታ ሲሞት የገደለው የለም። ይህን ክፍል በመትረየስ ፎቶግራፍ ሥር ስንለጥፈው ቃሉን እየተዋስን እንጂ እየተረጎምን አይደለም።

እንዲህ ስል ወታደርን ኃጢአተኛ ማለቴ አይደለም። ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስን «እኛስ ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁት በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው እንጂ ሥራችሁን ጣሉ አላላቸውም (ሉቃ. 3፥14)። ከሜኖናይት ሥር የወጡት የመሠረተ ክርስቶስ ወንድሞቻችን በዚህ ነገር ከእኔ ይልቅ ጠንካራ ትምህርት ወርሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፣ ነገር ግን በየጦርነቱ ማግስት ወደ እነርሱ ሐሳብ ትንሽ እየተጠጋሁ እንደምመጣ እመሰክራለሁ።

እንግዲህ እንዴት እናስታውስ? በ2ኛ ሳሙኤል 23 የዳዊት ኃያላን በስማቸው ተዘርዝረዋል። የመጨረሻው ስም የማን ነው? የኬጢያዊው ኦርዮ። ንጉሡ ሚስቱን የወሰደበት፣ የሞቱን ትእዛዝ በራሱ እጅ ያስያዘው፣ ጦርነቱ በበረታበት ስፍራ ብቻውን እንዲቀር የተደረገው ያ ሰው። ያኔ ዳዊት ለኢዮአብ የላከው መልስ፣ ሰይፍ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ይበላልና አይክፋህ የሚል ነበር። የጦርነት ወሬ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ቃል አያጣም። መጽሐፉ ግን የኦርዮን ስም በጀግኖቹ መዝገብ ላይ አስቀረው፤ እንዴት እንደሞተም አልደበቀም። ማቴዎስም ከሺህ ዓመት በኋላ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ቤርሳቤህን የኦርዮ ሚስት ብሎ ይጠራታል። እውነት ያለው መታሰቢያ ለእኔ ይህ ነው፤ ክብሩንም በደሉንም በአንድ ገጽ የሚይዝ።

በቤተ ክርስቲያናችን አንድ ደብተር ከፍተናል። ትልቅ ነገር አይደለም። ከአባሎቻችንና ከቤተሰቦቻቸው በጦርነት የሞቱትን ስም፣ የተወለዱበትን ቦታ፣ ቤተሰቡ እንደሚናገረውም ለምን እንደሄዱ እንጽፋለን። «እልህ» የተባለ አለ። «ወንድሙ ስለሞተበት»፣ «ታፍሶ»፣ «አገሩን ስለሚወድ»፣ «ከአባቱ ጋር ተጣልቶ»። የዚያ ልጅ መስመር ላይ «ለእናቱ ጣሪያ» ተጽፏል። የድምፅ መሣሪያው ግዢ ተራዝሞ ወጣቶቹ ቆርቆሮውን ቀይረዋል፤ እማማ ግን ያን ዕለት ከቤት ወጥተው አላዩትም።

ክርክር ያስነሣው በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የሆነው ነው። በትግራይ ሐዘን ታውጆ ለቤተሰቦች መርዶ ሲነገር፣ ከእኛ ጋር ለዓመታት ያመለከች አንዲት እህት የወንድሟን ሞት ሰማች። በዚያኛው ወገን ተሰልፎ ነው የሞተው። «ይህንንም ደብተሩ ላይ?» አሉኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፤ እርሳቸውም በዚያው ጦርነት የእህታቸውን ልጅ ያጡ ናቸው፣ ስለዚህ አልተቆጣኋቸውም። 2ኛ ሳሙኤል 1ን አብረን አነበብን። ዳዊት ሊገድለው ለዓመታት ሲያሳድደው ለኖረው ለሳኦል ልብሱን ቀደደ፣ አለቀሰ፣ የልቅሶ ቅኔ ገጠመለት፤ የይሁዳም ልጆች እንዲማሩት አዘዘ። ሳኦልን ለቀበሩት ለኢያቢስ ገለዓድ ሰዎችም ምርቃት ላከላቸው። ሽማግሌው ምንም ሳይሉ ብዙ ጊዜ ቆዩ። በሚቀጥለው ሳምንት ለዚያች እህት ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። ስሙ ተጽፏል።

ለጸሎት የሚመጣ ወጣት ካለ ደግሞ አሁን መጀመሪያ ወንበር እሰጠዋለሁ። ዕዳ አለብህ? ቤትህ ውስጥ ምን ጎደለ? ፈርተሃል? አንዳንዱ በጥያቄዬ ይሰለቻል። ከመጡት ሁለቱ ሐሳባቸውን ቀይረዋል፤ ሌሎቹ ሄደዋል፣ ባርኬያቸዋለሁ።

በደብተሩ ውስጥ አንድ ባዶ ገጽ አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ድምፁ የጠፋ ልጅ አባት፣ «እኔ መርዶ አልተነገረኝም፤ አትጻፉት» ብለውናል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ቢሮ ብቅ ይሉና ገጹን ገልጠው አይተው ይሄዳሉ።